ለኦንላይን የበረራ ሲሙሌሽን የሚሆን ባለማይክ ሄድሴት፦ የትኛው ይሻላል?

የጦሳ ሥር

አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ ወንድሞችና እኅቶች። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። በላፕቶፔ ላይ ኤክስ ፕሌን 12 በተባለው የበረራ ሲሙሌተር ለብቻዬ ስበር ከቆየሁ በኋላ፣ በቅርቡ ቫትሲም በተባለው መረብ ተመዝግቤ፣ በፈቃደኝነት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆነው ከሚያገለግሉና እንደ እኔው ከየቤታቸው ከሚበሩ ሰዎች ጋር በሬዲዮ እየተነጋገርሁ መብረር ጀምሬአለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምበረው ከኮምቦልቻ ወደ ቦሌ በዳሽ 8 አውሮፕላን ነው፤ በዚያ መስመር ተቆጣጣሪ ሲጠፋ ደግሞ ትራፊክ ወደሚበዛባቸው የአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያዎች እሄዳለሁ።

ችግሬ ድምፅ ነው። አሁን የምጠቀመው ከስልክ ጋር የመጣ፣ ማይኩ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለ ማዳመጫ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪዎቹ የምናገረውን ደጋግመው ያስደግሙኛል። የሬዲዮ ፍተሻ ስጠይቅ ከአምስቱ ደረጃዎች ሁለተኛውን ይሰጡኛል፤ ይኸውም አልፎ አልፎ ብቻ ይሰማል ማለት ነው። በጽሑፍ መገናኘት የተፈቀደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለማረፍ በሚቃረቡበት ሰዓት አንድ እጅ ጆይስቲክ ላይ ሆኖ በሌላው መተየብ የሚያዋጣ አይደለም።

የቤቴን ሁኔታ ልግለጽ። ክፍሌ ከመንገዱ በኩል ነው፤ ባጃጅ ከጠዋት እስከ ማታ ያልፋል፤ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው፤ ታናናሾቼም በቀጭን ግድግዳ ማዶ ቴሌቪዥን ይከፍታሉ። ላፕቶፑ ለማዳመጫና ለማይክ አንድ የጋራ ቀዳዳ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ካሉት ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች አንዱን ጆይስቲኩ ይዞታል። መነጽር አደርጋለሁ፤ አንድ በረራ ላይም ሁለትና ሦስት ሰዓት ያለማቋረጥ እቀመጣለሁ።

ፒያሳ አካባቢ ባሉ ሱቆች ያየኋቸው ሦስት ዓይነት ናቸው፦ መብራት ያላቸው ትልልቅ የጌም ሄድሴቶች፣ ለቢሮ የሚሆኑ ቀለል ያሉ ባለማይክ ማዳመጫዎችና ብሉቱዞች። ደግሜ መግዛት የማልችል በመሆኔ አንዴ ገዝቼ የምቆይበትን እፈልጋለሁ፤ አስፈላጊ ከሆነ ከአዲስ አበባ የሚያመጣልኝ ሰው አለ። የጌም ነው ወይስ የቢሮ? ዩኤስቢ ነው ወይስ ጃክ? ገመድ አልባውስ ለዚህ ሥራ ይሆናል?

ቦርከና

ጤና ይስጥልኝ ወንድም። ሰው ሄድሴት ሲገዛ አስቀድሞ የሚሞክረው ሙዚቃ ነው፤ ሻጩም የሚያሞግስለት የድምፁን ግርማ ነው። ለእርስዎ ጉዳይ ግን መመረጥ ያለበት ማይኩ ነው እላለሁ፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ክፍል የማያቆስልና በጥቂቱ የውጭ ድምፅ የሚከልል ከሆነ ይበቃል።

ምክንያቱ የአቪዬሽን ሬዲዮ ጠባይ ነው። እውነተኛ አውሮፕላኖች ከተቆጣጣሪ ጋር የሚነጋገሩት ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው የቪኤችኤፍ ክልል በኤኤም ሞገድ ሲሆን፣ የሚያልፈው የንግግር ድምፅ በግምት ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለው ብቻ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ እንደሚሰማ ካሰብን፣ የወፍራሙም የቀጭኑም ድምፅ አብዛኛው ክፍል መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ቫትሲም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ያስጀመረው የድምፅ ሥርዓት ይህንኑ የሬዲዮ ጠባይ፣ ከርቀት ጋር መድከሙን ጭምር፣ አስመስሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ በሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 7.1 የዙሪያ ድምፅም ሆነ የሚያንቀጠቅጠው ቤዝ ለተቆጣጣሪው ንግግር የሚጨምረው ነገር የለም፤ ገንዘብዎን ግን ይወስዳል።

ይህ ጠባብ ክልል የሚጎዳው ደግሞ ተነባቢዎችን ነው። የ«ስ» እና የ«ፍ» ፉጨት አብዛኛው ኃይሉ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ስለሆነ በሬዲዮ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። አብራሪዎች ፊደላትን አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያሉ የሚጠሩት፣ ዘጠኝንም «ናይነር»፣ አምስትንም «ፋይፍ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ሬዲዮው ራሱ ይህን ያህል በሚቆርጥበት ቦታ ላይ፣ ማይኩ ደግሞ የባጃጅና የቴሌቪዥን ድምፅ ጨምሮ ከላከ፣ የተረፈችው የንግግር ምልክት ትዋጣለች። የእርስዎ ሁለተኛ ደረጃ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ በአነጋገርዎ ምክንያት ነው ብለው አይጨነቁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም የምንነጋገርበት የሬዲዮ መስመር፣ የጋራ መሆኑ ነው። በቫይበር ወይም በቴሌግራም ስንነጋገር የአንዱ ጫጫታ የሚያስቸግረው አንዱን ሰው ነው፤ እዚህ ግን አንድ ሰው ሲያስተላልፍ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ መጠበቅ አለበት፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከተናገሩም ሁለቱም አይሰሙም። በእውነተኛው ዓለም ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በቴነሪፌ ደሴት የፓን አሜሪካንና የኬኤልኤም አየር መንገዶች አውሮፕላኖች የተጋጩበት አደጋ ያሳያል፤ የተቆጣጣሪው «ቆዩ» የሚለው ቃልና የፓን አሜሪካኑ አብራሪ «ገና መንደርደሪያው ላይ ነን» የሚለው መልእክት በአንድ ቅጽበት ተጋጭተው በኬኤልኤሙ አውሮፕላን ክፍል ውስጥ እንደ ፉጨት ብቻ ተሰሙ፤ ለ583 ሰዎች ሞት ከተቆጠሩት ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ነበር። እኛ የምንበረው በኮምፒውተር ነው፤ ሥርዓቱ ግን የተቀዳው ከዚያ ነው። ስለዚህ ማይክዎ ሁልጊዜ ክፍት እንዳይሆን፣ ሲጫኑት ብቻ የሚያስተላልፍ ቁልፍ በጆይስቲክዎ ላይ ይመድቡ።

ከዚህ ተነሥቼ የምመክርዎት፦ ማይኩ በክንድ ወደ አፍ የሚደርስ ይሁን፤ ሳጥኑ ላይ የአካባቢ ድምፅ እንደሚቀንስ ወይም የአንድ አቅጣጫ ድምፅ ብቻ እንደሚቀበል ተጽፎ ከሆነ የተሻለ ነው። የዚህ ዓይነቱ ማይክ የሚሠራው ቀላል በሆነ ዘዴ ነው። ከፊትና ከኋላው ቀዳዳ ስላለው ከሩቅ የሚመጣው ድምፅ በሁለቱም በኩል በእኩል ኃይል ደርሶ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ አፍዎ ግን ቅርብ ስለሆነ በፊት በኩል ያለው በጣም ይበልጣል። ይህ የሚሆነው ማይኩ ከንፈርዎ አጠገብ ሲሆን ብቻ ነው። ወደ አገጭ ወርዶ ወይም ወደ ግንባር ተገፍቶ ከተቀመጠ ዘዴው ይፈርሳል።

የጌምና የቢሮ ነገር ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ለንግግር ተብሎ የተሠራው የቢሮው ነው፤ የስልክ ጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ጭንቅላታቸው ላይ የሚያደርጉት እሱን ነው። ይሁንና በቤትዎ ጫጫታ አንጻር የቢሮዎቹ ትንንሽ ትራሶች ጆሮን ስለማይሸፍኑ፣ እርስዎ የሚሰሙት ነገር ሊቸግርዎ ይችላል። ጆሮውን ሙሉ በሙሉ የሚከብ፣ ጀርባው የተዘጋ የጌም ሄድሴት ይህን ያስተካክላል። ምርጫው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መብራቱና ስሙ ላይ አይደለም።

ጠጋኙ

ሰላም ለሁላችሁ። ቦርከና ስለ ማይክ የተናገረው ትክክል ነው። እኔ ደሴ ውስጥ ራዲዮ፣ ቴፕና ማዳመጫ የምጠግን ሰው ስለሆንሁ የማክልበት ገመዱንና ጃኩን ነው፤ በእጄ የሚገባው አብዛኛው ብልሽት ከዚያ ይነሣልና።

ወንድሜ፣ ላፕቶፕህ አንድ የጋራ ቀዳዳ ብቻ ካለው፣ ሁለት ጃክ ያለው ሄድሴት ገዝተህ እንዳትመጣ። ጃኩን ተመልከተው። ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለው አራት ክፍል አለው ማለት ነው፤ ከጫፉ ጀምሮ ግራ ጆሮ፣ ቀኝ ጆሮ፣ የጋራው መሬት (ግራውንድ)፣ በመጨረሻም ማይክ ነው። ሁለት ቀለበት ብቻ ያለው ማይክ አያስተላልፍም፤ አንተ ድምፅ ትሰማለህ እንጂ ሌላው አንተን አይሰማህም። አንዳንድ የቆዩ ማዳመጫዎች የመሬቱንና የማይኩን ቦታ አገላብጠው የሚመጡ ስለሆነ፣ ሲሰካ ድምፁ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ከመሰለህ የተበላሸ ሳይሆን የማይገጥም ነው። ሁለት ጃክ ያለው ነገር በእጅህ ከገባም፣ ሁለቱን ወደ አንድ የሚያዋህድ አጭር ገመድ በርካሽ ይገኛል፤ ሲገዙት ግን ሁለት ሰው በአንድ ስልክ ሙዚቃ የሚሰማበት ማካፈያ እንዳይሰጡህ ተጠንቀቅ፤ መልካቸው አንድ ነው።

በዩኤስቢና በጃክ መካከል ምረጥ ብትለኝ ለአንተ ዩኤስቢውን እመርጣለሁ። የዩኤስቢ ሄድሴት ድምፁን ወደ ዲጂታል የሚቀይርበትን የራሱን ትንሽ ካርድ ይዞ ስለሚመጣ የላፕቶፑን ደካማ የማይክ መስመር አይጠቀምም። በየቤቱ ያለው ሶኬት መሬት የሌለው መሆኑን ታውቃለህ፤ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን በጃክ የሚገባው ማይክ «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ ይዞ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ባለህ ማዳመጫ አሁኑኑ ሞክረው። ድምፅህን ቅዳ፤ ቻርጀሩን ንቀልና ደግመህ ቅዳ። ሁለተኛው ከጠራ ችግርህ በከፊል እዚያ ነው። የዩኤስቢ ቀዳዳ ጉዳይም አያስጨንቅህ፤ ሄድሴትና ጆይስቲክ የሚፈልጉት ኃይል ትንሽ ስለሆነ ቀላል ማከፋፈያ ሃብ ይበቃል።

ስም ጥቀስ ካልኸኝ፣ ሎጂቴክ ኤች 390 ዩኤስቢ ነው፤ ማይኩ የአካባቢ ድምፅ ይቀንሳል፤ ገመዱ ላይ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያና የማይክ መዝጊያ አለው። ኤች 111 ባለ አንድ ጃክ ሲሆን ኤች 110 ባለ ሁለት ጃክ ነው፤ ሁለቱም ቀላልና ርካሽ ናቸው። ከጌሞቹ መካከል ሃይፐርኤክስ ክላውድ ስቲንገር በጃክ የሚሠራ፣ ጆሮን የሚከብ ነው፤ ማይኩን ወደ ላይ ስታነሣው ራሱ ይዘጋል፤ ይህንን ወድጄለታለሁ፤ ምክንያቱም ታናናሾችህ በድንገት ሲገቡ እጅህን ቁልፍ ፍለጋ አታንከራትትም። ክብደቱ 275 ግራም ገደማ ስለሆነ ግን ከቢሮዎቹ ይከብዳል።

አሁን ስለ መግዣው። በገበያው ላይ ስሙን የለጠፈ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ሱቅ ስትሄድ ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድ። ዩኤስቢ ከሆነ ሰክተህ ኮምፒውተሩ በምን ስም እንደሚያነበው ተመልከት፤ ሳጥኑ አንድ ስም ይዞ ኮምፒውተሩ ስም የለሽ የድምፅ ዕቃ ካለህ ጠርጥር። ከዚያ ሱቁ በር ላይ፣ መኪና በሚያልፍበት፣ ከ1 እስከ 9 በእንግሊዝኛ ቆጥረህ ቅዳና አድምጥ። ሻጩ ፀጥ ያለ ቦታ ሊወስድህ ቢፈልግ እምቢ በል፤ የአንተ ቤት ፀጥ ያለ አይደለም። እየቀዳህም ገመዱን ከጃኩ አጠገብና ከጆሮው መግቢያ አጠገብ ቀስ አድርገህ አወዛውዘው፤ ከተንኮሻኮሸ አዲስ ቢሆንም አትውሰደው።

ሐይቅ ዳር

ጤና ይስጥልን። በሁለት ነጥቦች ላይ ጥቂት ልጨምር፤ በአንዱ ላይ ከተለመደው አስተያየት እለያለሁ።

ብሉቱዝ ሲወገዝ የሚቀርበው ምክንያት ብዙውን ጊዜ የድምፅ ጥራት ነው። እውነት ነው፣ የብሉቱዝ ማዳመጫ ማይኩ ሲከፈት ሙዚቃ ከሚያስተላልፍበት ሥርዓት ወደ ስልክ ጥሪ ሥርዓት ይወርዳል፤ የናሙናው ፍጥነትም፣ ማለትም ድምፁ በሴኮንድ የሚለካበት ብዛት፣ ብዙውን ጊዜ 8,000 ወይም 16,000 ብቻ ይሆናል። ነገር ግን ቦርከና እንደገለጹት የሬዲዮው ክልል ራሱ ከ3,400 ኸርዝ ብዙም አያልፍም፤ 8,000 ናሙናም ቢሆን ያንን ይሸፍናል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው በኩል ያለው ጉዳት ሰዎች እንደሚያጋንኑት አይደለም። የሚጎዱት እርስዎ ነዎት፤ የሞተሩም፣ የንፋሱም፣ የማስጠንቀቂያ ደወሉም ድምፅ በሙሉ ወደ ስልክ ድምፅ ይለወጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መዘግየቱ ነው። ቁልፉን ተጭነው ወዲያው ከተናገሩ የመጀመሪያዋ ቃል ትቆረጣለች፤ በሬዲዮ ጥሪ የመጀመሪያዋ ቃል የተጠሪው ስም ስለሆነች ማን እንደተጠራ አይታወቅም። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ ብሉቱዞችማ ማይካቸው ከአፍ በጣም የራቀ በመሆኑ ለዚህ ቤት አልመክራቸውም።

ገመድ አልባ ሁሉ ግን ብሉቱዝ አይደለም። የራሳቸው ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ ይዘው የሚመጡ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ሄድሴቶች አሉ፤ እነዚህ ማይኩ ሲከፈት ጥራታቸው አይወርድም፤ መዘግየታቸውም እምብዛም አይታወቅም። እኔ የምጠቀመው ከነዚህ አንዱን ሲሆን ከወንበሬ ስነሣ ገመድ ስለማያደናቅፈኝ ደስ ይለኛል። ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል፤ መብራት በሚጠፋበት ቀንም ላፕቶፑ በባትሪው እየሠራ ሄድሴቱ ባዶ ሆኖ ሊጠብቅዎ ይችላል። አንዴ ገዝቶ ለረዥም ጊዜ መቆየት ለሚፈልግ ሰው፣ የማይቀየር ባትሪ ያለው ዕቃ ጥሩ ምርጫ አይመስለኝም።

ሌላው፣ ሳይጠየቅ የሚመጣ ምኞት አለና አስቀድሜ ልናገረው። ትንሽ ቆይተው የእውነተኛ አብራሪዎችን ሄድሴት፣ አረንጓዴውን ዴቪድ ክላርክ፣ መመኘትዎ አይቀርም። ኤች 10-13.4 የሚባለው ሞዴል ያለ ባትሪ፣ በትራሱ ብቻ፣ የውጭውን ድምፅ በ23 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል፤ ለባጃጁና ለቴሌቪዥኑ ጥሩ መከላከያ ነው። ችግሩ ኮምፒውተር ላይ የማይሰካ መሆኑ ነው። ሁለት የተለያየ ውፍረት ያላቸው ጃኮች አሉት፤ ማይኩ ከአውሮፕላኑ ከ8 እስከ 16 ቮልት የሚደርስ ኃይል የሚጠብቅ ሲሆን፣ ኮምፒውተር የሚሰጠው ከ5 ቮልት አይበልጥም፤ ስለዚህ ለብቻው የሚገዛ አስማሚ መሣሪያ ያስፈልገዋል። በኮክፒት ውስጥ ያለውን የሞተር ጩኸት ለመቋቋም የተሠራ በመሆኑም ጭንቅላትን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ በመነጽር ላይ ሦስት ሰዓት አይመችም። የበረራ ትምህርት ቤት ለመግባት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ቢገዛው ይገባኛል፤ ለሲሙሌተር ብቻ ግን ቅንጦት ነው።

የጦሳ ሥር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ጠጋኙ እንዳሉኝ የቻርጀሩን ነገር ሞከርሁ፤ ቻርጀሩን ስነቅለው «ኡኡኡ» የሚለው ድምፅ ወዲያው ጠፋ፤ የባጃጁ ግን እንዳለ ነው። እንግዲህ ወደ ዩኤስቢ አዘንብያለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የትኛውም ማይክ ይቋቋመዋል? ሁለተኛ፣ ዕቃው ከተገዛ በኋላ በኮምፒውተሩ ላይ ማስተካከል ያለብኝ ነገር ምንድን ነው? ድምፄ እንዲጎላ ብዬ የማይኩን መጠን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ተቆጣጣሪዎቹ ግን አልተለወጠም ይሉኛል።

ቦርከና

ወንድም፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ለመጀመሪያውም መልሱ በከፊል እዚያ ውስጥ አለና።

የማይኩን መጠን በዊንዶውስ እስከ መጨረሻው ማሳደግ፣ በተለይም «ቡስት» የሚባለውን መክፈት፣ ስንዴውንም እንክርዳዱንም አብሮ መዝራት ነው፤ ድምፅዎም ባጃጁም በእኩል ይጎላሉ፤ ጮክ ብለው ሲናገሩ ደግሞ ድምፁ ጣሪያ ነክቶ ይሰነጠቃል። ንግግርዎን ከጫጫታው የሚለየው ርቀት ነው። ማይኩን ወደ አፍዎ በእጥፍ ሲያቀርቡት፣ ለምሳሌ ከ8 ሴንቲ ሜትር ወደ 4፣ የድምፅዎ መጠን ወደ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ የክፍሉ ጫጫታ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ አስቀድመው አቅርቡት፤ ከዚያ በኋላ መጠኑን ቀንሱት። ቡስቱን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት።

ማይኩ ከአፍ ፊት ለፊት መሆን የለበትም። በአፍዎ ጠርዝ በኩል፣ ከከንፈርዎ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ይቀመጥ። የ«ፕ» እና የ«ብ» ትንፋሽ ቀጥታ ከመታው «ቡፍ» የሚል ድምፅ ይፈጥራል፤ ከአውሮፕላን ጥሪ ስሞች መካከል «ፓፓ» እና «ብራቮ» መኖራቸውን አይርሱ። ማይኩ ላይ የሚለበሰውን ስፖንጅ ጥለው ከሆነ ይመልሱት።

በዊንዶውስ የድምፅ ቅንብር ውስጥ «ኮሙኒኬሽንስ» የሚል ገጽ አለ። ሳይነካ ከቆየ፣ ኮምፒውተሩ ንግግር ተጀመረ ብሎ ባሰበ ቁጥር የሌላውን ድምፅ በ80 በመቶ ይቀንሳል፤ ብዙ አብራሪዎች ሬዲዮ ሲከፈት ሞተራቸው የጠፋ መስሏቸው የሚደነግጡት በዚህ ነው። ምንም እንዳያደርግ ይዘዙት። በኤክስ ፕሌን ከቫትሲም ጋር የሚያገናኝዎት ኤክስፓይለት የተባለው ፕሮግራም ስለሚሆን፣ በእሱም ውስጥ ማይኩ አዲሱ ሄድሴት መሆኑን ራስዎ ይምረጡ፤ ያለዚያ የላፕቶፑ ማይክ ሥራውን ይዞ ሊቀጥልና እርስዎ ሄድሴቱን ሲወቅሱ ሊኖሩ ይችላሉ። የድምፁን ልክ የሚያሳየው አሞሌ በተለመደው አነጋገርዎ መካከል ላይ ሲደርስ ይተዉት።

የሞተሩን ድምፅ በላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ፣ ሬዲዮውን በሄድሴት ማድረግ የሚወዱ አሉ፤ ለእውነት የቀረበ ስሜት ይሰጣል። በእርስዎ ቤት ግን ሁለቱንም በሄድሴት ያድርጉ፤ የሞተሩ ድምፅ ወደ ማይኩ ተመልሶ ባይገባ ይሻላል።

ወደ ዝናቡ እንመለስ። ወሎ በልጉም ክረምቱም የሚጥልባት አገር ስለሆነች ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው። በሐምሌና በነሐሴ በኮርኒስ የለሽ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ማይክ የለም፤ ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣ ጠንካራ ድምፅ ነውና። ከንፈር አጠገብ ያለ ጫጫታ ቀናሽ ማይክ ግን ንግግርዎን ከእሱ በላይ ያወጣዋል። በሶፍትዌር ጫጫታ የሚቀንሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኤንቪዲያ ብሮድካስት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አርቲኤክስ የተባለውን የኤንቪዲያ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ሲሙሌተሩም በዚያው ካርድ ላይ ስለሚሠራ ሥራውን ይሻማዋል። በሩን መዝጋትና ከወንበሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል የክፍሉን ማስተጋባት በግልጽ ይቀንሳል፤ ወጪም የለውም። ዶፍ በሚጥልበት ሰዓት በበረራ ዕቅድዎ ላይ «በድምፅ እቀበላለሁ፤ የምመልሰው በጽሑፍ ነው» የሚለውን ምልክት ማስገባት ይቻላል፤ ተቆጣጣሪው ይህን አይቶ ይታገሥዎታል። ያን ዕለትም መተየብ ስለሚበዛ ትራፊክ ወዳነሰበት ማረፊያ ቢሄዱ ይሻላል።

የአነጋገር ፍጥነትም ከዕቃው ጋር እኩል ይቆጠራል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የሚመክረው በደቂቃ ከ100 ቃል ያልበለጠ ንግግር ነው። ቁልፉን ተጭነው ለአንድ አፍታ ቆይተው ይጀምሩ፤ ጨርሰውም ለአንድ አፍታ ቆይተው ይልቀቁ።

ዳታ ይበላል ብለው እንዳይሰጉ ይህንንም ልጨምር፤ የሬዲዮው ንግግር የሚፈጀው እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ዳታ የሚያወርደው የመሬቱን ገጽታ ከኢንተርኔት የሚስብ ሲሙሌተር፣ ለምሳሌ የ2020ው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ነው፤ ኤክስ ፕሌን ግን መልክዓ ምድሩን በዲስክዎ ላይ ይዞታል።

ጠጋኙ

አብሽር ወንድሜ፣ ምርጫህ ቀሏል። ኤች 390ን ወይም እሱን የመሰለ የዩኤስቢ የቢሮ ሄድሴት እዚሁ ደሴ ካገኘህ በነገርሁህ መንገድ ፈትሸህ ውሰድ። ጆሮህ ላይ የሚያርፈው ትራስ ትንሽ ነው፤ ታናናሾችህ ቴሌቪዥኑን ሲያጮኹ የሚያስቸግርህ ከሆነ ከአዲስ አበባ ስቲንገሩን አስመጣ፤ እሱ ግን በጃክ የሚሠራ በመሆኑ ያ «ኡኡኡ» እንዳይመለስብህ ጃክ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ትንሽ የድምፅ ካርድ አብረህ አስገዛ። ሁለቱን አንድ ላይ ስትደምር ዋጋው ከኤች 390 እንደሚበልጥ ግን አስበህ ግባ።

መነጽርህን አድርገህ ሞክረው። የመነጽሩ እጀታ ከትራሱ ሥር ሲያልፍ ክፍተት ይፈጥራል፤ ለስላሳ ትራስ ያለው ይህን ይታገሣል፤ ጠንካራው ሰዓት ሳይሞላ ከጆሮህ በላይ ያለውን አጥንት ያሳምምሃል። የቆዳ መሳዩ ሽፋን በላብ እየተሰነጣጠቀ ይረግፋልና፣ ትራሱ ተፈትቶ የሚቀየር መሆኑን ጠይቅ።

ገመዱን በሄድሴቱ ዙሪያ አጥብቀህ አትጠቅልለው፤ የሚበጠሰው ከጃኩ መውጫና ከጆሮው መግቢያ ላይ ነው። አንድ ቀን አንዱ ጆሮ ቢጠፋብህ ወይም ማይኩ ቢቆራረጥ ለጠጋኝ ከመስጠትህ በፊት ይህን ንገረው፤ በውስጡ ያሉት ክሮች ፀጉር የሚያክሉ ሆነው በቀለም የተቀቡ ስለሆኑ፣ ቀለሙ በእሳት ወይም በምላጭ ካልተነሣ ብየዳው ይይዝ ይመስላል እንጂ አይዝም።